ዓርብ ትወጣለች

እናቴ በረዶው ላይ ቁጭ ያለች ዕለት እየቀለደች መስሎኝ ነበር።

የካቲት ነበር። በእኛ መንደር፣ በስካርቪክ፣ በየካቲት ልብስ ውጭ ከተሰጣ እንደ ሳንቃ ይገተራል። የአባቴ ሱሪ ከገመዱ ሲወርድ ያለ ሰው ብቻውን ይቆማል። የእኔ ካልሲዎች ሲጋጩ ቋ ይላሉ። እናቴ ጉንቮር ይህን ሥራ ጨዋታ አድርጋው ነበር። የአባቴን ሱሪ በወገቡ ይዛ በጓሮው በረዶ ላይ እየተሽከረከረች ትጨፍራለች። «ኧረ ጌታዬ ቀስ ይበሉ! እግሬን እኮ ረገጡኝ!» ትለዋለች ሱሪውን። እኔ ሆዴን ይዤ እንከተከታለሁ።

የዚያን ዕለት ተራው የአንሶላ ነበር። ግማሹ ገመዱ ላይ፣ ግማሹ እጇ ላይ እንዳለ «ማግኒ፣ ይሄ ነገር…» አለችና ቀስ ብላ ቁጭ አለች። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። አዲስ ፊት የፈጠረችልኝ መሰለኝና ሳቅሁላት። አጠገቧ ሄጄ እኔም ቁጭ አልኩ። ቅዝቃዜው በሱፍ ሱሪዬ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ፣ የእሷም ትንፋሽ ነጭ ጢስ ሆኖ ሲወጣ ትዝ ይለኛል። አባቴ ከታች፣ ባሕሩ ዳር ካለው የጀልባ መሥሪያው፣ በመስኮት አይቶን ኖሯል፤ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርግ ዳገቱን እየሮጠ መጣ። አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበርና ይህም የጨዋታው ክፍል መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

ዛሬ የሆነውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ የደም ሥር ፈንድቶ ነበር። ያኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነው። የማውቀው አምቡላንሱ መኪኖችን በሚያሻግረው መርከብ ተጭኖ መምጣቱን፣ እናቴን ይዞ በዚያው መርከብ ወደ ከተማው ሆስፒታል መሻገሩን፣ አንሶላውም እስከ ማግስቱ ድረስ ከገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን ነው።

አንሶላውን ያወረደችው አክስቴ ኦስታ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከበርገን ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሻንጣዋም እሷም የብል መከላከያ ይሸታሉ። ልጅ አልነበራትም። ቤቱ ውስጥ በገባች በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንቹ በትልቅነቱ ተራ ተደርድሮ፣ ጫማዎቻችን አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

ስልካችን ከመግቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነበር። ከሆስፒታሉ ሲደወል አባቴ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያወራ ነበር። አባቴ አርንፊን ድሮም ቃል አያበዛም፤ በስልክ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል።

«እሺ» አለ። ቆየና፣ «እሺ።» አውራ ጣቱ ላይ የደረቀውን ሬንጅ በጥፍሩ ይፍቀዋል። «የተረጋጋ? … ይገባኛል። ሁኔታዋ የተረጋጋ ነው።»

ይህችን ቃል ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለች። ቃሏን አውቃታለሁ፤ ያስተማረኝም ራሱ ነው።

ባለፈው በልግ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች ከጥድ ቀርጾልኝ ነበር። አንዷ ቀጭን፣ ሽንጣም፣ የምታምር። ሌላይቱ ወፍራም፣ ሆዷ ሥር እርሳስ የተቀበረባት። በጀልባ መሥሪያው በርሜል ውሃ ላይ አስቀመጣቸውና «በይ በጣትሽ ግፊያቸው» አለኝ። ቆንጆዋ በአንድ ግፊት ተገለበጠች። ወፍራሟን ብገፋት ብገፋት፣ ጠርዟ ውሃ እስኪነካ ድረስ ታዘነብልና እንደገና ቀጥ ትላለች። ደጋግሜ ገፋኋት። እጄን ጠፍጥፌ ደፈቅኳት። ተመልሳ ብቅ አለች።

«ይቺ የተረጋጋች ናት» አለኝ። «ሰው የተረጋጋ ጀልባ ማለት የማያዘነብል ይመስለዋል። የማያዘነብል ጀልባ የለም፤ ባሕሩ መቼ ይተወዋል? የተረጋጋ ማለት አዘንብሎ የሚመለስ ነው። ገባሽ?»

ገብቶኛል። አባቴ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው ስለማላውቅ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጸሎት ይዤው ነበር።

እናም ስልኩን ሲዘጋ ኮሪደሩ ውስጥ ዘለልኩ። «የተረጋጋ ነው አሉ? አባዬ፣ የተረጋጋ ነው አሉ አይደል?»

ዞሮ አየኝ። አክስቴ ኦስታ ከወጥ ቤቱ በር ላይ የእጅ ፎጣ ይዛ ቆማለች።

«አዎ» አለ አባቴ። «እንደዚያ ነው ያሉት።»

«እንግዲያው ትመለሳለቻ!»

ኮቱን ሳይደርብ ወጥቶ ወደ ጀልባ መሥሪያው ወረደ። ወሬውን ለታራልድ ሊነግር ቸኩሎ መሰለኝ። ታራልድ አብሮት የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ካደግሁ በኋላ ታራልድ ራሱ እንደ ነገረኝ፣ አባቴ የዚያን ዕለት የሳንቃ ክምር ላይ ተቀምጦ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔው ያስተማርኳትን ቃል እንዴት አድርጌ ነው መልሼ የምቀማት?» ብሎ ነበር።

እኔ ግን ወሬውን መንደሩን አዳረስኩት። ሱቅ ስላክ ለባለ ሱቋ ለዮሩን ነገርኳት፤ ካራሜላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ዓይኗ ለምን እንደ ረጠበ አልጠየቅኳትም። በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አስተማሪያችን «በጣም ጥሩ፣ ማግንሂል» ብላ በሙሉ ስሜ ጠርታኝ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቶሎ ዞረች። ዓይኑን የማያሸሽብኝ አንድ ሰው ታራልድ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የሚቀልደው ለእኔ ይሁን ለአባቴ አይገባኝም ነበር።

መጋቢት ላይ ብርዱ አልለቅ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ጀልባ መሥሪያው እሄዳለሁ። ምድጃው ይነድዳል፤ የጥድ ፍቅፋቂ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ይንኮሻኮሻል።

«ሰማሽ?» አለኝ ታራልድ አንድ ቀን መላጊያውን አቁሞ። «አየሩ የተረጋጋ ነው ይላል።»

«ጥሩ ነዋ!» አልኩ።

«ጥሩ? አንቺ ልጅ፣ ውጭ ምራቅሽን ብትተፊ መሬት ሳይደርስ ድንጋይ ይሆናል! የተረጋጋ ማለት ይኸው ብርድ ነገም ይኸው፣ ከነገ ወዲያም ይኸው ማለት ነው።»

አባቴ ከጀልባው ሆድ ውስጥ መዶሻውን አቆመ።

ሬዲዮው ቀጥሎ የገንዘብ ወሬ ያዘ። ክሮኑም የተረጋጋ ነው አለ። ታራልድ ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ፤ የትምባሆ ብናኝ ረገፈ። «የእኔ ኪስ ደግሞ ከሁሉም የተረጋጋ ነው። ባዶ ሆነ፣ ባዶ ሆኖ ቀረ። አይጨምር፣ አይቀንስ!»

ሳቅኩ። «ታራልድ!» አለ አባቴ ከጀልባው ውስጥ። ከዚያ በፊት እንዲህ ባለ ድምፅ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ኪሱን መልሶ አስገባና መላጊያውን አነሳ። ሁለቱ ኩርፊያ የያዙት በትምባሆው ብናኝ ይሆናል ብዬ መጥረጊያ አምጥቼ ጠረግኩ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ኦስታ ደግሞ ያንኑ የማውቀውን ቃል በማላውቀው ቦታ ስትናገረው ሰማሁ። ከፎቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታ እሷና አባቴ ወጥ ቤት ነበሩ። የተቀቀለ ዓሣ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ልጅቷ የተረጋጋ ቤት ያስፈልጋታል፣ አርንፊን።»

«ቤት አላት።»

«ይሄ ቤት ነው? አንተ ግማሹን ሳምንት ሆስፒታል፣ ግማሹን ባሕር ዳር ነህ። በርገን ያለው ክፍል ባዶ ነው። ትምህርት ቤቱም ከቤቴ ፊት ለፊት ነው።»

«ኦስታ፣ አሁን ተይኝ።»

«ልተውህስ። እስከ መቼ ነው የምተውህ?»

ክፍሉንም ትምህርት ቤቱንም ሰማሁ፤ የእኔ ጉዳይ መሆኑ ግን አልታየኝም። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ቤታችን የተረጋጋ አይደለም መባሉ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ ቤቱን ዞርኩት። መሠረቱን፣ ትልልቆቹን ድንጋዮች፣ አንድ በአንድ በእግሬ መታሁ። ከዚያ በትከሻዬ ግድግዳውን ገፋሁት። ቀይ ቀለሙ ኮቴ ላይ ቀረ እንጂ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ገብቼ ለአክስቴ «ቤታችን ደህና ነው፤ ሞክሬዋለሁ» አልኳት። ያቺ ድርቅ ያለች ሴት መጀመሪያ ኮቴን አየች፣ ከዚያ ፊቴን፤ ከዚያ ብሩሽ አንስታ ቀለሙን ከትከሻዬ ላይ ስታራግፍ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ቀለሙ ለቅቆ ካለቀ በኋላም ታራግፍ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቴን አላየኋትም። እሷ የተኛችበት ክፍል ሕፃን አያስገቡም። ሚያዝያ ላይ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ አባቴ ይዞኝ ሄደ፤ እኔ ኮሪደሩ ውስጥ እንድጠብቅ ነው። አንዲት ነርስ ቀይ ጭማቂ በወረቀት ብርጭቆ ሰጠችኝ። ወለሉ ከመወልወሉ ብዛት የመብራቱን ነጸብራቅ ያሳያል። የመድኃኒትና የተቃጠለ ቡና ሽታ አለ።

አባቴ ከዶክተሩ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፤ ኪሱ ይከታቸዋል፣ ያወጣቸዋል።

«እንደ ነገርኩዎት ነው» አለ። «ሁኔታዋ ከተረጋጋ ሰንብቷል። እንግዲህ እዚህ ልናቆያት አንችልም። አልጋው ይፈለጋል። ዓርብ ትወጣለች።»

«ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር የለም?» አለ አባቴ።

ዶክተሩ እጁን ከኪሱ አወጣ። «የለም። አዝናለሁ።»

ይህንንም ሰምቼዋለሁ። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። የሚደረግ ነገር የለም ማለት ግን፣ አባቴ አንድ ጀልባ ሲጨርስ መዳፉን በጎኗ ላይ እያሳለፈ «እንግዲህ የቀረ ነገር የለም» እንደሚለው መሰለኝ። አለቀ፣ ተስተካከለ፣ ወደ ባሕር ትውረድ ማለት ነዋ። ጭማቂውን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ስንመለስ መርከቡ ላይ አባቴ ትኩስ ቋሊማ በዳቦ ገዛልኝ። መኪናው ውስጥ ሳይሆን ላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር።

«ማግኒ» አለኝ።

«ዓርብ የትምህርት ቀን ነው፣ አባዬ። ልቀር?»

«ማግኒ፣ ስሚኝ…»

«ዋፍል እኔ እሠራለሁ። አክስቴ የመጋገሪያውን ብረት ብቻ ታሙቅልኝ። ባንዲራውንስ? ባንዲራ እንሰቅላለን አይደል? ባለፈው ከሆስፒታል ሕፃን ይዘው ሲመለሱ እነ ዮሩን ሰቅለዋል!»

ሰናፍጭ አገጬ ላይ ነበር መሰል፣ አባቴ በአውራ ጣቱ ጠረገልኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እናቴን ናፍቆ ነው አልኩ በልቤ። ደግሞም ናፍቆ ነበር፤ በዚህስ አልተሳሳትኩም።

ሐሙስ ማታ እንድተኛ ከተነገረኝ በኋላ ከታች ሹክሹክታ ሰማሁ። «እስካሁን አልነገርካትም?» አለች አክስቴ። «ጠዋት ከመሄዴ በፊት እነግራታለሁ» አለ አባቴ። የሚደብቁኝ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ስጦታ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቄን ዋጥኩ።

ጠዋት ስነሣ አባቴ ሄዷል። በመጀመሪያው መርከብ ተሻግሮ፣ ከእናቴ ጋር በአምቡላንሱ ሊመለስ ነው። አክስቴ ወደ ትምህርት ቤት አልላከችኝም። ዋፍሉን፣ ያን ጣፋጭ ቂጣ፣ አብራኝ ሠራች፤ የመጀመሪያው ተቃጠለ፤ ሁለተኛው የልብ ቅርጹን ይዞ ወጣ። ቡናማውን አይብ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩ። የእናቴን አልጋ አነጠፍኩ፤ ትራሱን መትቼ አሳበጥኩ። ከደጅ የመጀመሪያዎቹን ሰማያዊ አበቦች ለቅሜ በእንቁላል ማቅረቢያ ውስጥ አኖርኩላት።

ባንዲራውን ግን ብቻዬን ነው የሰቀልኩት። ገመዱ እርጥብ ነበር፤ እጄን ላጠው። ጫፍ ሲደርስ ነፋሱ ያዘውና ተዘረጋ።

«ማግንሂል!» አክስቴ ከበሩ ጠራችኝ። «ነይ። ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። እጇ ላይ ዱቄት ነበር። ልሄድላት አንድ እርምጃ እንደ ተራመድኩ ከታች የመርከቡ ፊሽካ ጮኸ። ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

አምቡላንሱ ከወደቡ ዳገቱን ይዞ መጣ። ነጭ ነው፤ ጎኖቹ ጭቃ ለብሰዋል። አባቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። መልካሙን ኮቱን ለብሷል። እጆቼን ሁለቱንም አነሣሁ። መኪናው ቀነስ አለ። ሞተሩ ሲለዝብ ሰማሁ። በመስታወቱ ውስጥ ከአባቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ባንዲራውን፣ ከዚያ እንደገና እኔን።

መኪናው አለፈኝ።

ሹፌሩ ቤታችንን አላወቀው መሰለኝ። «እዚህ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አልፋችሁታል! ቤታችን እዚህ ነው!» ከኋላው ሮጥኩ። ጭቃው ቦት ጫማዬን ይይዘኛል። አንዱ ወልቆ ቀረ፤ በካልሲዬ ሮጥኩ። «አባዬ! አባዬ ንገረው!» መኪናው የሱቁን መታጠፊያ አለፈ፤ ዮሩን በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቤተ ክርስቲያኑን አለፈ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ የአረጋውያን መጦሪያው።

ከብዙ ዘመን በኋላ አባቴ እንደ ነገረኝ፣ መኪናው ቀነስ ያለው እሱ ስለለመነ ነው። «እዚህ አንዴ አቁምልኝ፤ ልጄ ናት» ብሎት ኖሯል። ሹፌሩም እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣለት። ከዚያ አባቴ ባንዲራውን አየ። «ካቆመ ትገቢያለሽ፤ ከገባሽ ታዪያታለሽ፤ ካየሻት ቤት እናስገባት ትያለሽ። እኔስ እምቢ የምልበት ምን አቅም ነበረኝ?» አለኝ። ስለዚህ ሹፌሩን «ሂድ» አለው።

መጦሪያው ደጃፍ ስደርስ የኋላውን በር ከፍተው እያወረዷት ነበር። ጸጉሯን አሳጥረውታል። ፊቷ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ሰላም ያለው ነበር። ዓይኗ ተከፍቷል። አጠገቧ ደረስኩና «እማዬ፣ ተሳስተው ነው፤ ቤታችን እኮ ታች ነው» አልኳት። ዓይኗ እላዬ ላይ መጣ። አለፈኝና ሰማዩ ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ።

አባቴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ካልሲ ብቻ የቀረውን እግሬን በሁለት እጁ ያዘው።

«የተረጋጋች ናት ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት።

«ብዬሻለሁ።»

«የተረጋጋ ማለት ይመለሳል ብለኸኝ አልነበር?»

«እሱ የጀልባው ነው፣ ማግኒዬ» አለ። «የጀልባው ነው እሱ። የዶክተሮቹ ሌላ ነው።»

«የዶክተሮቹ ምን ማለት ነው?»

«እንዳለች ትቆያለች ማለት ነው።»

ሁለት ሰዎች አልጋዋን እየገፉ አስገቧት፤ የጎማ በሮቹ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዘው ተዘጉ። አባቴ በጀርባው አዝሎኝ ወረደ። አክስቴ ኦስታ የወለቀውን ቦት ጫማዬን ይዛ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ባንዲራውን ያወረደው ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ዋፍሉን ግን ታራልድ መጥቶ ከእኔ ጋር ተቀምጦ በላው።

ነሐሴ ላይ አክስቴ ወደ በርገን ወሰደችኝ። አባቴ አልተከራከረም፤ ሻንጣዬን ራሱ ተሸከመው። በልጅ አእምሮዬ የጣለኝ መሰለኝ። አልጣለኝም ነበር፤ በአንድ ጊዜ ሁለታችንን መያዝ አቅቶት ነው። በርገን ውስጥ ራት በሰዓቱ ይቀርባል፤ ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ አክስቴም በራሷ መንገድ ወደደችኝ። የተረጋጋ ቤት ነበር። ውስጡ ሆኜ አደግሁ።

እናቴ በመጦሪያው ከአሥር ዓመት በላይ ኖረች። በበዓልና በበጋ ስመጣ አያታለሁ። አባቴ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እየወጣ ገንፎዋን ያጎርሳታል፤ ስለ ጀልባዎቹ፣ ስለ ነፋሱ፣ ታራልድ ስለ ተናገረው ያወራላታል። ያ ዝምተኛ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ወሬኛ ሆነ። እሷ አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰችም፤ አልባሰባትም፤ አልተሻላትምም። ነርሶቹ ስንጠይቃቸው ሁልጊዜ የሚሉት ያችኑ አንዲት ቃል ነበር።

ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ፣ በአንድ በልግ ቅዳሜ ስካርቪክ መጥቼ ስልኩን እኔ አነሣሁት። የመጦሪያው ነርስ ናት። «የእናትሽ ሁኔታ ዛሬ ጠዋት ተለውጧል» አለችኝ። «ብትመጡ ጥሩ ነው።»

ወደ ጀልባ መሥሪያው ወርጄ ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት። «ተለውጧል አሉ?» አለ። መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በሳሙና ታጠበ፤ የጥፍሩን ሥር ሳይቀር ፈተገ። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣና ቆየ። ሲወርድ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሳሳው ጸጉሩ በውሃ ተበጥሯል፤ ጢሙን ተላጭቶ አገጩን ቆርጦታል።

ተስፋ አደረገ አልኩ በልቤ። ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ «ተለውጧል» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ተስፋ አደረገ። ማን ይንገረው? እኔ ልንገረው?

«አባዬ» አልኩ በመጨረሻ። «ተለውጧል ሲሉ እኮ… የሚሉት…»

«አውቃለሁ፣ ማግኒ።» የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አልገባለት ብሎ ይታገላል፤ ጣቶቹ ለዚህ ሥራ ደንድነዋል። «ልሰናበታት ነው የምሄደው። በሥራ ልብስ ልሂድ?»

ቀርቤ ቁልፉን አስገባሁለት። አንገቱ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

«የተረጋጋ ሲሉም ምን ማለት እንደ ሆነ ያኔም አውቅ ነበር» አለኝ ከራሴ በላይ አሻግሮ እያየ። «በስልክ ከነገሩኝ ሰዓት ጀምሮ። አንቺ ኮሪደሩ ውስጥ ስትዘዪ ሳይ ነው የጠፋብኝ። ምናልባት ልጄ ልክ ትሆን ይሆናል አልኩ። አንድ ሁለት ቀን እኔም አመንኩሽ።»

መኪናውን አላስነሣንም። በእግራችን ዳገቱን ወጣን፤ እሱ ክንዴን ይዞ፣ በየመታጠፊያው ትንፋሹን እየሰበሰበ። ስንደርስ ነርሷ መስኮቱን ከፍታው ነበር። የእናቴ ትንፋሽ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሲዘገይ ይቆይና እንደገና ይመጣል። አባቴ ወንበሩን ሳበና ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ዛሬ ወሬ አላመጣላትም።

«ጉንቮር» አላት ብቻ። «መጥተናል።»